ኢኤስፒ32 ቦርድ ኮድ አልቀበል ሲላችሁ፦ ከገመዱ እስከ ሮቶው ደረጃ በደረጃ

ኢኤስፒ32 ኮድ ተጭኖበት መብራትና ስዊች የሚያዝ፣ ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቦርድ ነው። እዚህ ከገመዱ ተነሥተን የሮቶው ውሃ ሲሞላ መብራት እስኪያበራ እናደርሰዋለን። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ከጀማሪዎች የምሰማው አቤቱታ አንድ ነው። «ቦርዱን ገዛሁት፣ ሰካሁት፣ ኮዱ ግን አልጫን አለኝ።» ቀጥሎ የሚደረገውም አንድ ነው። ኮዱን መነካካት ይጀመራል። ሌላ ኮድ ይወርዳል። እሱም እምቢ ይላል። በመጨረሻ «ይሄ ቦርድ የተቃጠለ ነው» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይወረወራል።

አብዛኛውን ጊዜ ኮዱም ቦርዱም ጤነኛ ናቸው። ችግሩ ያለው ገመዱ፣ ፖርቱ ወይም ኃይሉ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድ ሕግ አለው። እያንዳንዱ ደረጃ በዓይን የሚታይ ምልክት ይሰጣችኋል። ምልክቱን ሳታዩ ወደሚቀጥለው አትሂዱ። «ይሄንን ኋላ እመለስበታለሁ» ያለ ሰው ኋላ የሚመለሰው የቱ ጋ እንደተበላሸ ሳያውቅ ነው።

የምናወራው ስለ ነባሩ ኢኤስፒ32፣ ባለ 30 ፒኑ ቦርድ ነው፤ ፒን የሚባለው ሽቦ የሚያያዝበት የቦርዱ እግር ነው። ኤስ3፣ ሲ3 የሚል ቅጥያ ያላቸው ወንድሞቹ የፒን ሕጋቸው ይለያል፤ እዚህ ያሉትን የፒን ቁጥሮች እነሱ ላይ እንዳትሞክሩ። ላፕቶፑን ዊንዶውስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ሊኑክስ የምትጠቀሙ የምትፈልጓት ነገር ደረጃ 5 ላይ አለች።

## ከመጀመራችሁ በፊት

አብዛኛው ዕቃ የሚመጣልን ከአዲስ አበባ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንድ ሬዚስተር ጎደለ ብሎ ሌላ ሳምንት መጠበቅ ያናድዳል። ስታዝዙ ሁሉንም አንዴ እዘዙ፦

- ኢኤስፒ32 ቦርድ፣ እግሮቹ የተበየዱ። ያልተበየደ ከመጣላችሁ እግሮቹን ቀዳዳው ውስጥ ሰክቶ መሞከር አይሠራም። ጥሩ እጅ ያለው ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወስዳችሁ አስበይዱ።
- ዳታ የሚያሳልፍ ገመድ። ቦርዱ ማይክሮ ይሁን ታይፕ ሲ አስቀድማችሁ ጠይቁ።
- ባለ 830 ቀዳዳ ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ቢቻል ሁለት።
- ጃምፐር ሽቦ፣ ሁለቱም ጫፍ ወንድ የሆነና አንዱ ጫፍ ሴት የሆነ።
- ጥቂት ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራት)፣ 220 ወይም 330 ኦም ሬዚስተር (ኃይል የሚገድብ)፣ አንድ ሁለት 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር።
- አንድ የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር።
- ባለ ሁለት ሽቦ ተንሳፋፊ ስዊች፣ ፍሎት ስዊች የሚሉት፤ የውሃው ከፍታ ሲለወጥ የሚበራና የሚጠፋ።
- ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)። ርካሹም ይበቃል።

የምትሠሩበት ቦታ ላይ ብርድ ልብስ፣ ሶፋ ወይም የፕላስቲክ ምንጣፍ አይሁን። ደሴ ላይ በደረቁ ወራት ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣው ነገር ቺፕ ይገድላል። እንጨት ጠረጴዛ ላይ ሥሩ፤ ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት የመስኮት ብረት ንኩ፤ ስታነሱትም በጠርዙ ያዙት።

## ደረጃ 1፦ ገመዱን ፈትሹ

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያሰናክለው ይሄ ነው። ከቻርጀር ጋር የሚመጡ ብዙ ገመዶች ውስጣቸው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ ኃይል ያሳልፋሉ፣ ዳታ አያሳልፉም። ቦርዱ ይበራል፣ ላፕቶፑ ግን አያየውም። መብራቱ ስለበራ ደግሞ ማንም ገመዱን አይጠረጥርም።

1. ገመዱን ስልካችሁና ላፕቶፑ ላይ ሰኩ።
2. ስልኩ ላይ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚል ምርጫ መጣ? ላፕቶፑ የስልኩን ፎቶዎች ከፈተ? ገመዱ ዳታ ያሳልፋል።
3. ስልኩ ቻርጅ ብቻ ካደረገ ገመዱን ወደ ጎን አድርጉት። ፕላስተር ለጥፉበትና «ቻርጅ ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት፤ አለበለዚያ ከሳምንት በኋላ እዚያው ትመለሳላችሁ።

ታይፕ ሲ ቦርድ ያላችሁ ደግሞ አንዱ ጫፍ ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ የሆነ ገመድ ምረጡ። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ጭራሽ የማይበሩ ርካሽ ቦርዶች አሉ። ቦርዱ አልተበላሸም፤ መሰኪያው ላይ መኖር የነበረባቸውን ሁለት ሬዚስተሮች አምራቹ ቆጥቧቸው ነው።

ምልክት፦ በገመዱ የስልካችሁን ፎቶ ላፕቶፕ ላይ አያችሁ።

## ደረጃ 2፦ ቦርዱን ባዶውን ሰኩት

ብሬድቦርድ የለም፣ ሽቦ የለም። ቦርዱ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ። ብረት ነገር ከሥሩ አይኑር።

1. ዊንዶውስ ላይ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ።
2. ቦርዱን ሰኩት። ቀይ መብራት መብራት አለበት።
3. «ፖርትስ» በሚለው ሥር «ኮም» የሚል ስምና ቁጥር መጨመሩን እዩ። ቁጥሯን ያዙ።
4. ነቅላችሁ እንደገና ሰኩት። የምትጠፋውና የምትመለሰዋ ቁጥር የናንተ ናት።

ፖርቱ ካልመጣና በምትኩ ቢጫ ምልክት ያለበት ያልታወቀ ዕቃ ካያችሁ ድራይቨር (ላፕቶፑ ቦርዱን እንዲያውቅ የሚያደርገው ፕሮግራም) ይጎድላል። የቱን ድራይቨር? ቦርዱን ወደ ብርሃን አዙሩና ከዩኤስቢ መሰኪያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ቺፕ እዩ። አራት ማዕዘን ሆና እግሮቿ ወደ ውጭ ካልወጡ አብዛኛውን ጊዜ ሲፒ2102 ናት፤ ድራይቨሯ ከሲሊከን ላብስ ድረ ገጽ ይወርዳል። ረዘም ብላ በሁለት ጎኗ እግር ከደረደረች አብዛኛውን ጊዜ ሲኤች340 ናት፤ የሷ ደግሞ ከደብሊውሲኤች። በላይዋ ላይ ያለው ጽሕፈት በጣም ደቃቅ ነው፤ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡት።

ሦስተኛ ወገን ከሆነ «ድራይቨር ማውረጃ» ድረ ገጽ አታውርዱ። ከድራይቨሩ ጋር የማትፈልጉት ብዙ ነገር ይገባል።

ቀዩ መብራት ጭራሽ ካልበራ፣ ወይም ቦርዱ በሰከንዶች ውስጥ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው ንቀሉት። ባዶውን እያለ የሚግል ቦርድ ውስጡ ሾርት ነው። ይሄኛው በእውነት የተቃጠለ ነው፤ ለሻጩ መልሱት።

ምልክት፦ ስትነቅሉ የምትጠፋ፣ ስትሰኩ የምትመለስ የኮም ቁጥር አለቻችሁ።

## ደረጃ 3፦ ሶፍትዌሩን ማውረድ

አርዱዊኖ አይዲኢን፣ ኮድ የሚጻፍበትንና ወደ ቦርዱ የሚጫንበትን ፕሮግራም፣ ከአርዱዊኖ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ የኢኤስፒ32 ፓኬጅ ነው፤ በመቶዎች ሜጋባይት ይመዝናል። በስልክ ዳታ፣ ያውም መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወድቃል።

1. ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። መብራት ቢሄድ ዋይፋይ ራውተሩ ይጠፋል፤ የስልክ ሆትስፖት በተጠንቀቅ ይኑር።
2. አይዲኢው ውስጥ «ቦርድስ ማኔጀር»ን ከፍታችሁ «ኢኤስፒ32» ብላችሁ ፈልጉ።
3. ሁለት ተመሳሳይ ስም ሊመጣ ይችላል። አዘጋጁ «ኤስፕሬሲፍ ሲስተምስ»፣ የኢኤስፒ32 ሠሪው፣ የሆነውን ምረጡ። አርዱዊኖ ያዘጋጀው ለራሱ ቦርድ ነው፤ ለእናንተ አይሆንም።
4. የኤስፕሬሲፉ ካልመጣ፣ ከኤስፕሬሲፍ መመሪያ ላይ ያለውን የፓኬጅ አድራሻ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ያለችው የተጨማሪ ቦርዶች ሳጥን ላይ ለጥፉና እንደገና ፈልጉ።
5. «ኢንስቶል» በሉና ተዉት። እስኪያልቅ አትዝጉት።

መሃል ላይ ቢቋረጥ፦ ብዙ ጊዜ እንደገና «ኢንስቶል» ማለት ይበቃል። ስለ ፋይል መጠን ወይም ስለ «ቼክሰም» እያማረረ እምቢ ካለ ግን የተቆረጠው ፋይል ተቀምጦ ነው። አይዲኢውን ዝጉ። በተጠቃሚ ፎልደራችሁ ውስጥ የተደበቀውን «አፕዳታ»፣ ከዚያ «ሎካል»፣ ከዚያ «አርዱዊኖ15» የሚለውን ክፈቱ። እዚያ ውስጥ «ስቴጂንግ» የሚባለው ፎልደር ላይ ያለውን አጥፉና እንደገና ጀምሩ።

ዳታ ለመቆጠብ፦ ጓደኛችሁ ጋ የሚሠራ ካለ፣ የሱን «አርዱዊኖ15» ፎልደር ሙሉውን በፍላሽ ገልብጡና በእናንተው ቦታ አስቀምጡ። ሁለታችሁም ዊንዶውስ መሆን አለባችሁ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላችሁ ተማሪዎች ዶርም ውስጥ አንድ ሰው አውርዶ ሌላው ቢገለብጥ፣ የስንቱ የኢንተርኔት ፓኬጅ ይተርፋል!

አንድ የእኛ አገር ጣጣ አለ። ላፕቶፑን ስትከፍቱት የተጠቃሚ ስማችሁን በአማርኛ ፊደል ከጻፋችሁ፣ የፎልደሩም ስም በአማርኛ ይሆናል። ኮዱን የሚተረጉሙት መሣሪያዎች በዚህ ግራ ሊጋቡና «ፋይሉ የለም» እያሉ ሊያስቸግሯችሁ ይችላሉ። ስሙን ብቻ መቀየር ፎልደሩን አይቀይረውም። በላቲን ፊደል አዲስ የተጠቃሚ አካውንት ክፈቱና እሱ ውስጥ ሥሩ። የኮድ ፋይሎቻችሁንም በላቲን ፊደል ሰይሙ።

ምልክት፦ ቦርድስ ማኔጀር ላይ ከኤስፕሬሲፍ ስም አጠገብ «ኢንስቶልድ» ይላል።

## ደረጃ 4፦ ቦርድና ፖርት መምረጥ

«ቱልስ» ውስጥ «ቦርድ»፣ ከዚያ «ኢኤስፒ32»፣ ከዚያ «ዶይት ኢኤስፒ32 ዴቭኪት ቪ1» በሉ። «ፖርት» ላይ ደረጃ 2 ላይ የያዛችኋትን ቁጥር ምረጡ። «ኮም1» ብቻ ካለ እሱ የላፕቶፑ የራሱ ነው፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ምልክት፦ «ፖርት» ላይ የተመረጠችው ደረጃ 2 ላይ የያዛችኋት ቁጥር ናት።

## ደረጃ 5፦ ብሊንክን መጫን

የራሳችሁን ኮድ አትጻፉ። ከኢንተርኔት አትገልብጡ። የሚሠራ መሆኑ የታወቀ ኮድ ያስፈልገናል፤ እሱ ደግሞ መብራት የሚያብለጨልጨው «ብሊንክ» ነው፤ አይዲኢው ውስጥ ተቀምጧል።

1. «ፋይል»፣ «ኤግዛምፕልስ»፣ «ቤዚክስ»፣ «ብሊንክ» በሉ።
2. የቀስት ምልክቷን ንኩ።
3. ጠብቁ። የመጀመሪያው ኮምፓይል (ኮዱን ወደ ቦርዱ ቋንቋ መተርጎም) በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደቂቃዎች ይወስዳል። ተሰቅሏል ብላችሁ አትዝጉት፤ ሁለተኛው ላይ ይፈጥናል።
4. ከታች ባለው ጥቁር መስኮት «ኮኔክቲንግ» ብሎ ነጠብጣብ መደርደር ሲጀምር፣ ቦርዱ ላይ «ቡት» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ።
5. ፐርሰንት መቁጠር ሲጀምር ልቀቁት።
6. 100 ፐርሰንት ከደረሰ በኋላ «ሃርድ ሪሴቲንግ» የሚል መስመር ይመጣል። ይሄ ስሕተት አይደለም። «ጨርሻለሁ፣ ቦርዱን አስነሥቼዋለሁ» ማለቱ ነው። ይህችን መስመር አይተው ደንግጠው የሚነቅሉ ብዙ ናቸው።

ሰማያዊዋ መብራት አንድ ሰከንድ ትበራለች፣ አንድ ሰከንድ ትጠፋለች። አንዳንዱ ቦርድ ግን ከፋብሪካው ብልጭ ድርግም የሚል ኮድ ተጭኖበት ይመጣል። የእናንተ መሆኑን ለማረጋገጥ ኮዱ ውስጥ ሁለት ቦታ ያለውን 1000 ወደ 200 ቀይሩና እንደገና ጫኑ። ከፈጠነች የእናንተ ናት።

ምልክት፦ ቁጥሩን ስትቀይሩ የመብራቷ ፍጥነት ይቀየራል።

### እምቢ ሲል፣ እንደ መልእክቱ

«ፌይልድ ቱ ኮኔክት» ካለ። ቦርዱ ወደ መቀበያ ሁኔታ አልገባም። «ቡት»ን ቀደም ብላችሁ፣ ኮምፓይል እያለ ሳለ ጀምራችሁ ያዙት። አሁንም እምቢ ካለ «ቡት»ን እንደያዛችሁ «ኢኤን» የምትባለውን ሌላኛዋን ቁልፍ አንዴ ነክታችሁ ልቀቁ፤ ከዚያ «ቡት»ን ልቀቁ። ቦርዱ ኮድ እየጠበቀ ይቆያል።

በየጊዜው ቁልፍ መያዝ የሰለቻችሁ ያቺን የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ«ኢኤን» እና በ«ጂኤንዲ» (ግራውንድ፣ የኔጌቲቩ ፒን) መካከል አድርጉ። ረጅሙ እግር ወደ «ኢኤን»፣ መስመር ያለበት አጭሩ እግር ወደ «ጂኤንዲ»። ብዙ ቦርድ ላይ ከዚያ በኋላ ቁልፍ መንካት አያስፈልግም።

«አክሰስ ዲናይድ» ወይም ፖርቱ ተይዟል ካለ። ሌላ ፕሮግራም ፖርቱን ይዞታል። ብዙውን ጊዜ ተከፍቶ የተረሳ ሁለተኛ አይዲኢ ነው። ዝጉትና ቦርዱን ነቅላችሁ ሰኩ።

ጀምሮ መሃል ላይ ከተቋረጠ። «ቱልስ» ውስጥ «አፕሎድ ስፒድ»ን ከ921600 ወደ 115200 አውርዱ። ገመዱ ረጅም ከሆነ አጭር ፈልጉ። የዩኤስቢ ማከፋፈያ ካለ አውጡና ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ።

«ኖት ዲክሌርድ» ካለ። የመረጣችሁት ቦርድ አብሮት ያለውን መብራት አያውቀውም። ኮዱ ውስጥ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን የመብራቱን ስም ባለበት ቦታ ሁሉ በ2 ቁጥር ተኩት።

ተጭኖ ምንም ካልታየ። «ኢኤን»ን አንዴ ንኩ። አሁንም ከሌለ ቦርዳችሁ ላይ ከቀዩ ሌላ መብራት ላይኖር ይችላል። አብሽሩ፤ ደረጃ 7 ላይ የራሳችሁን ኤልኢዲ ትሰካላችሁ።

ሊኑክስ ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ። ተጠቃሚያችሁን «ዳያልአውት» የሚባለው ቡድን ውስጥ አስገቡና ሎግ አውት ብላችሁ ተመለሱ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሲኤች340 ያለው ቦርድ ብቅ ብሎ ከጠፋ፣ ለብሬይል ማሳያ የተቀመጠው «ብሪልቲቲዋይ» የሚባል ፕሮግራም ነጥቆት ነው። የብሬይል ማሳያ የማትጠቀሙ ከሆነ አራግፉት።

## ደረጃ 6፦ ዋይፋዩንና ኃይሉን መፈተን

ብሊንክ በጣም ትንሽ ኃይል ነው የሚበላው። ዋይፋይ ሲነሣ ግን ቦርዱ ለቅጽበት ብዙ ይስባል፤ ኤስፕሬሲፍ ራሱ 500 ሚሊአምፔር መስጠት የሚችል ምንጭ ይመክራል። ደካማ ገመድና ደካማ ፖርት የሚጋለጡት እዚህ ነው።

1. «ኤግዛምፕልስ» ውስጥ ወደታች ወርዳችሁ «ዋይፋይ»፣ ከዚያ «ዋይፋይ ስካን» ክፈቱና ጫኑ።
2. ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየውን «ሲሪያል ሞኒተር»ን ክፈቱ፤ ፍጥነቱን 115200 አድርጉ።
3. በአካባቢያችሁ ያሉ የዋይፋይ ስሞች ይደረደራሉ።

የማይነበብ ዝባዝንኬ ከመጣ ፍጥነቱ ተሳስቷል። «ብራውንአውት» የሚል ቃል እየደጋገመ እንደገና የሚነሣ ከሆነ ኃይል አንሶታል፤ ገመድ ቀይሩ፣ ሌላ ፖርት ሞክሩ። የስልካችሁ ሆትስፖት ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ስልኩ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ሊሆን ይችላል። ይሄ ቦርድ የሚሰማው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ ከሆትስፖቱ ሴቲንግ ቀይሩት።

መብራት ሲሄድ በፓወር ባንክ ለማሠራት ያሰባችሁ አንድ ነገር እወቁ። ብዙ ፓወር ባንክ የሚሳበው ኃይል ሲያንስበት «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ቦርዱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዝም ካለ እሱን ጠርጥሩ። ደግሞም መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮዱን እንደገና መጫን የለባችሁም፤ አንዴ የተጫነ ኮድ ቦርዱ ውስጥ ይቀመጣል።

ምልክት፦ የጎረቤት ዋይፋይ ስም አነበባችሁ፤ ቦርዱም ሳይጠፋ ደጋግሞ ይፈልጋል።

## ደረጃ 7፦ ወደ ብሬድቦርድ

ሽቦ ስትሰኩም ስትነቅሉም ገመዱ ከላፕቶፑ የተነቀለ ይሁን። ሁልጊዜ።

የብሬድቦርዱ መሃል ላይ ያለው ቦይ ግራና ቀኙን ይለያል። በየጎኑ አምስት አምስት ቀዳዳዎች ከውስጥ እንደተያያዙ ናቸው። ኢኤስፒ32 ግን ሰፊ ነው፤ ስትሰኩት በየጎኑ አንድ ቀዳዳ ቢተርፍ ነው፤ አንዳንዱማ በአንድ ጎን ጭራሽ አያስተርፍም። ሁለት ብሬድቦርድ ጎን ለጎን አድርጉና ቦርዱ በሁለቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጥ። ሁለተኛ ከሌላችሁ ቦርዱን ብሬድቦርዱ ላይ አትሰኩት፤ ሴት ጫፍ ያለውን ጃምፐር ቀጥታ እግሩ ላይ ሰኩ።

በጎን ያሉት ቀይና ሰማያዊ ረጃጅም መስመሮች አንዳንድ ብሬድቦርድ ላይ መሃላቸው የተቆረጠ ነው። ቀለሙ ከተቋረጠ መስመሩም ተቋርጧል። በቴስተሩ ፉጨት አረጋግጡ።

### የማይነኩ ፒኖች

ይህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉ፦

- ከ6 እስከ 11፦ ከቦርዱ የራሱ ማኅደረ ትውስታ ጋር የተያያዙ ናቸው። አትንኳቸው።
- 1 እና 3፦ ኮድ የሚጫንባቸው ናቸው። ሽቦ ካለባቸው ጭነቱ ይሰናከላል።
- 0፣ 2፣ 5፣ 12፣ 15፦ ቦርዱ ሲነሣ የሚያነባቸው ናቸው። በተለይ 12 ላይ ሲነሣ ኃይል ካገኘ ቦርዱ አይነሣም። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ሞተ» ሲባል 12ን ፈትሹ።
- 34፣ 35፣ 36፣ 39፦ ይቀበላሉ እንጂ አይሰጡም። ኤልኢዲ ብትሰኩባቸው አይበራም።

ለጀማሪ 4፣ 16፣ 17፣ 18፣ 19፣ 21፣ 22፣ 23፣ 25፣ 26፣ 27፣ 32 እና 33 ሰላም ናቸው። የአናሎግ ሴንሰርን ከዋይፋይ ጋር ለመጠቀም ካሰባችሁ ግን ከ32 እስከ 39 ካሉት ምረጡ፤ ሌሎቹ ዋይፋይ ሲሠራ አናሎግ አያነቡም።

ከሁሉም የበለጠው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ይሄ ነው። የቦርዱ ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው። ሌላ ቦርድ ለሆነው ለአርዱዊኖ ኡኖ የተሠራ ባለ 5 ቮልት ሴንሰር ውጤቱን ቀጥታ እዚህ ላይ ብትሰኩ ፒኑን፣ አንዳንዴም ቦርዱን ይበላዋል። «3ቪ3» በሚለው ፒን ላይ 5 ቮልት ማስገባትማ ቦርዱን መግደል ነው።

### ኤልኢዲውን መሰካት

1. ከፒን 4 ሽቦ አውጡ። ቦርዳችሁ ላይ «ዲ4» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።
2. ሽቦውን ከሬዚስተሩ ጋር አያይዙ። 330 ኦም ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ ቀለበት አለው፤ 220 ደግሞ ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ። ባለ አምስት ቀለበት ከሆነ በቴስተር ለኩት።
3. የሬዚስተሩን ሌላ ጫፍ ከኤልኢዲው ረጅም እግር ጋር።
4. አጭሩን እግር ወደ «ጂኤንዲ»።
5. ብሊንክ ውስጥ የመብራቱን ስም ባለበት ሁሉ በ4 ተኩና ጫኑ።

ካልበራ ኤልኢዲውን ገልብጣችሁ ሞክሩ። አሁንም ካልበራ የጃምፐሩን ሁለት ጫፍ በቴስተር ፈትሹ። ከውጭ ደህና የሚመስል፣ ከውስጥ የተቆረጠ ጃምፐር ብዙ ነው።

ምልክት፦ የሰካችሁት ኤልኢዲ እየበራ ይጠፋል።

## ደረጃ 8፦ የሮቶው ስዊች

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ሞላ አልሞላ ለማየት በሌሊት ጣሪያ መውጣት የሰለቸው ሰው ይህን ደረጃ ይወደዋል። መጀመሪያ ግን ጠረጴዛ ላይ፣ በባልዲ ውሃ።

1. የስዊቹን አንዱን ሽቦ ከፒን 27፣ ሌላውን ከ«ጂኤንዲ» ጋር አያይዙ። የቱ የት ቢሆን ችግር የለውም።
2. «ኤግዛምፕልስ»፣ «ዲጂታል»፣ «ዲጂታል ኢንፑት ፑልአፕ» ክፈቱ።
3. ፒን 2 የተባለውን ሁለት ቦታ 27 አድርጉ። ፒን 13 የተባለውን ሁሉ 4 አድርጉ። አንዷን ከረሳችሁ ኮዱ ያለ ቅሬታ ይጫናል፣ ግን አይሠራም፤ ስለዚህ ከጨረሳችሁ በኋላ 13ን በፍለጋ ፈልጉ።
4. ጫኑ። ሲሪያል ሞኒተሩን በዚህ ኮድ 9600 ላይ አድርጉት። ቦርዱ ሲነሣ የሚጽፋት የመጀመሪያዋ መስመር በ115200 ስለሆነች ትንሽ ዝባዝንኬ ይቀድማል፤ ችላ በሉት።
5. ተንሳፋፊዋን በጣት ወደላይና ወደታች አድርጉ። ሞኒተሩ ላይ 0 እና 1 ይፈራረቃል፤ ኤልኢዲውም ይከተላል።

ውሃ ሲሞላ መብራቱ መብራት ሲገባው ከጠፋ ኮዱን አትንኩ። ቀጥ ብላ በምትወጣዋ ዓይነት ስዊች ላይ ጫፏ ያለችውን መያዣ አውጡና ተንሳፋፊዋን ገልብጣችሁ መልሱ። ውስጧ ማግኔት ስላለ ስትገለበጥ ሥራዋም ይገለበጣል።

ምልክት፦ ስዊቹን ባልዲው ውስጥ ስትነክሩና ስታወጡ መብራቱ ያለ መንቀጥቀጥ ይቀያየራል።

### ጣሪያ ላይ ሲወጣ

ጠረጴዛ ላይ ይሠራ የነበረው ረጅም ሽቦ ሲዘረጋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ረጅም ሽቦ እንደ አንቴና ከአካባቢው ጫጫታ ይሰበስባል፤ የቦርዱ ውስጣዊ ፑልአፕ (ስዊቹ ሲከፈት ፒኑን ወደ 3.3 ቮልት የሚስበው ሬዚስተር) ደግሞ 45 ኪሎ ኦም ገደማ ነው፣ ደካማ። ያቺን 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በፒን 27 እና በ«3ቪ3» መካከል ጨምሩ። ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዟቸው፤ ከ220 ቮልት ገመድ ጋር አብራችሁ አታስሯቸው።

ቦርዱን ጣሪያ ላይ አታስቀምጡ። ስዊቹ ብቻ ይውጣ፤ ቦርዱ ቤት ውስጥ ይሁን። ሽቦው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደታች ቀለበት ሠርቶ ይግባ፤ ዝናቡ በሽቦው ላይ ተንሸራቶ ቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ። የግድ ውጭ የሚቀመጥ ከሆነ ሳጥኑን ከሥሩ በትንሹ ብሱት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ጉሙና የሌሊቱ ብርድ ታሽጎ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ጤዛ ይሠራል። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል በዚህ ብዙ አትቸገሩም፤ እዚያ ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ፈልጉ።

ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር የስዊቹን ሽቦ ከቦርዱ ንቀሉ። ላፕቶፑ ተያይዞ ከሆነ እሱንም።

ፓምፑንም ቦርዱ ራሱ ያጥፋልኝ የምትሉ፣ በሪሌይ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች) ይቻላል። ግን የፓምፑ 220 ቮልት በምንም ምክንያት ብሬድቦርድ ላይ አይለፍ። ጃምፐሩ አይችለውም፣ ቀዳዳውም አይችለውም፣ የተራቆተው ብረት ደግሞ እጃችሁ ሥር ነው። የሪሌዩን የ220 ጎን በሳጥን ውስጥ፣ ከፊውዝ ጋር፣ ኤሌክትሪሺያን ያስረው። እናንተ የምታስሩት የ3.3 ቮልቱን ጎን ነው።